የታች ምድብ አራተኛ

ይህ የሆነው በኖርኩበት አገር ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል፣ የማያውቁትም ሄደው እንዲያስቸግሩ አልፈልግም። እኔ በዚያ ዘመን በትንበያ ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ነበርኩ። ሥራዬ ተንባዩ የጻፈውን በአሥራ ሁለት ቅጂ መገልበጥ ሲሆን ከራሴ አንዲት ነጥብ እንኳ መጨመር አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ስናገር የምታመን ይመስለኛል።

ከጨዋታው ልጀምር። ከባሕሩ ማዶ ባሉ ከተሞች የዱላ ኳስ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታውም አራት ጣቢያ ዞሮ ወደተነሣበት ይመለሳል። ከእኛ ከተማ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። በየሐሙሱ ግን ጀልባ የውጤት ወረቀት ያመጣልናል፤ ከግርጌውም የተጫዋቾቹ ወሬ ይጻፋል። ተጫዋቾቹ በወረቀቱ ላይ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠሩት። የእኛ ሰዎች የጨዋታው ወራት ከመከፈቱ በፊት በአዳራሹ ይሰበሰቡና ተራ በተራ ቁጥር እየጠሩ ተጫዋች ይመርጣሉ። ከዚህ ከተማ ወርዋሪ፣ ከዚያ ከተማ መቺ እየለቀሙ እያንዳንዳቸው የወረቀት ቡድን ያቆማሉ። ተጫዋቹ ማዶ በመታ ቁጥር እዚህ ለመረጠው ሰው ነጥብ ይያዝለታል። ተጫዋቾቹ እኛ መኖራችንን አያውቁም፤ ይህም ማንንም አስከፍቶ አያውቅም።

የወረቀት ቡድኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ላይ ምድብ፣ መሐል ምድብና ታች ምድብ ተብለው አራት አራት ሆነው ይከፈላሉ። ቡድን የሌለው ቤተሰብ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ተጠግቶ ዕጣውን ይካፈላል። ወራቱ ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ተንባዩ በየምድቡ ማን አንደኛ፣ ማን አራተኛ እንደሚወጣ ጽፎ ያቀርባል። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ነገር የወሬ ማሟሟቂያ ነው አሉ። በእኛ ዘንድ ግን ሕግ ነበር። ድሮ አንደኛ ይወጣል የተባለ አንድ ሰው ወራቱ ሳያልቅ ሞቶ ክብሩን ሳያይ ተቀበረ፤ ከተማውም ክፉኛ አዘነ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ክብሩን አስቀድሞ እንዲቀበል ተደነገገ። ዋንጫው በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል፣ ባለቤቱ እንዲለምደው። አራተኛ የተባለውም ውርደቱን በመጀመሪያው ቀን ይረከባል፣ ኋላ ድንገተኛ እንዳይሆንበት።

በአደባባዩ ለየምድቡ አራት አራት ረጃጅም አግዳሚ አለ። የአንደኛው አግዳሚ መደገፊያ ያለው ሲሆን ከሾላው ጥላ ሥር ነው። የአራተኛው መደገፊያ የለውም፤ የአዳራሹ ጣሪያ ውኃ የሚወርደውም በእሱ ላይ ነው። በወፍጮ ቤት፣ በጸጉር ቤት፣ በጠባቡ ድልድይ ላይ የሰው ተራ እንደ አግዳሚው ነው። ልጁን የሚድር አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንተኛ ላይ ይቀመጣሉ?" ብሎ ነው። አራተኛ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያነክሱ ነበር። ለምን እንደሆነ ሐኪሙ መርምሮ አላገኘውም።

ማንያዘዋል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተንባይ ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ደብተር አለው፤ የትኛው ወርዋሪ በየትኛው ወር ክንዱ እንደሚዝል፣ የትኛው መቺ በነፋስ ቀን እንደሚከሽፍ ጽፎበታል። ሕጉ ተንባይ የራሱ ቡድን እንዳይኖረው ይከለክላል። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ደስታ በተራ ሲደረድር ኖሯል። የሚቀመጠውም ከሁሉም ፊት ለፊት ባለ በርጩማ ላይ ብቻውን ነው። ትንበያው ስንት ጊዜ ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በወራቱ መጨረሻ አጨዳ ስለሚበዛ የመጨረሻውን የውጤት ወረቀት የሚያነበው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ የልብ ወዳጅ ነበረው፤ ደርሶልኝ የሚባል ገመድ ገማጅ። አብረው ነው ያደጉት። ደርሶልኝ በየእሑዱ ከምሳ በኋላ ቃጫውን ይዞ ማንያዘዋል ቤት ይመጣል። ማንያዘዋል ከደብተሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ደርሶልኝ ቃጫውን በጭኑ ላይ እያሸ ያዳምጣል። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ። እኔም እኩያቸው ስለሆንኩ አንዳንድ እሑድ ብቅ እል ነበር።

በዚያ ዓመት ከታች ምድብ አንድ ባለ ቡድን ወራሽ ሳይተው ሞተና ቦታው ክፍት ሆነ። በአዳራሹ ማን ይፈልጋል ሲባል ደርሶልኝ እጁን አነሣ። ለማንያዘዋል አስቀድሞ አልነገረውም ነበር። ማንያዘዋል እኔ አጠገብ ቆሞ፣ "ጎሽ፣ ደግ አደረገ" አለ። ይህን ሲል ግን ያየኝ እኔን እንጂ እሱን አልነበረም።

ምርጫው ተጀመረ። ደርሶልኝ ቡድኑን ልቃቂት ብሎ ሰየመና ተራው ሲደርስ፣ "ቁጥር ሠላሳ ሰባት" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው የሚዛን መርማሪው ዘለለው ነው፤ የእሱ ቡድን በታች ምድብ ዝነኛ ነበር። ቁጥር ሠላሳ ሰባት ያረጀ ወርዋሪ ነው፤ ትከሻው ሁለት ጊዜ በሐኪም ቢላ ተቀዷል፣ አምናም አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም።

ማንያዘዋል ወዳጁን ወደ ጥግ ወሰደው። "ደርሶ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አልቆለታል።"

"አውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያነበብክልኝ።"

"ታዲያ?"

"አምና ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲወረውሩ ያይ ነበር አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"በቃ፣ እሱን ነው የፈለግኩት" አለና ወደ ተራው ተመለሰ። ቀጥሎም እናቱ የሞተችበትን መቺ፣ ከዚያ ከአሠልጣኙ ጋር ታርቆ የተመለሰውን ሯጭ መረጠ። ሁሉንም እንዲህ ባለ ምክንያት ነው የመረጣቸው።

በማግሥቱ እሑድ ደርሶልኝ ምርጫው እንዴት እንደነበረ ለማንያዘዋል ባለቤት ለወይዘሮ አንጓች አወራላት። የዘለለውን አሳሳቅ አስመሰለ፤ የአዳራሹን ጸሐፊ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ሁለት ጊዜ ጠይቆ የጻፈውን፣ አስመሰለ። አንጓች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የያዘችውን ድስት መሬት አስቀምጣ ነው የሳቀችው። ማንያዘዋልም ፈገግ አለ። አሥራ ዘጠኙን ደብተር በየተራ አንብቦላታል፤ አንድ ቀን ድስት አስቀምጣ አታውቅም።

ደርሶልኝ ከሄደ በኋላ አንጓች፣ "ደርሶልኝ እኮ ሰው ያውቃል" አለች።

"እኔስ?" አላት።

"አንተማ ቁጥር ታውቃለህ።"

ክፋት አስባ አልነበረም፤ ማሞገሷ ነበር። ኋላ እንደነገረኝ ግን ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተቀረቀረ። ሲበላ ይሰማዋል፣ ሲተኛ ይሰማዋል። በድልድዩ ሲያልፍ ደርሶልኝ ከሰዎች ጋር ቆሞ ሲያወራ ካየ ሌላ መንገድ ይዞ ይዞራል። ሰዎቹ የሚስቁት በእሱ ላይ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፤ ይበልጥ የከፋውም ይህ ነው፤ ስለ እሱ ማንም አላሰበም።

ትንበያው የሚጻፍበት ቀን ደረሰ። ላይ ምድብን ጻፈ፣ መሐል ምድብን ጻፈ። ታች ምድብን ሲያሰላ ልቃቂት አንደኛ ወጣ። ደግሞ አሰላ፤ አሁንም አንደኛ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሌላ ደብተር ተነሥቶ አሰላ፤ የዘለለው ቡድን ሁለተኛ፣ ልቃቂት አንደኛ። ቁጥሩ ራሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለው ቁጥር፣ ከደርሶልኝ ጋር ወገነበት። ጽፎ አስቀመጠው። ከዚያ ምላጭ አነሣ።

ጽሑፉ ለመገልበጥ እኔ ዘንድ ሲመጣ በታች ምድብ ላይ ወረቀቱ ተፍቆ ሳስቶ ነበር። ምላጭ የነካው ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ደግሞ የቀድሞው ጽሑፍ ይታያል። በአንደኛው መስመር ላይ "ልቃቂት" የሚለው ደብዝዞ አየሁት። በላዩ ላይ የዘለለው ቡድን ተጽፏል። ልቃቂት አራተኛ ላይ ወርዶ ከጎኑ "ልብ እንጂ ክንድ የለውም" የሚል ማስታወሻ ተጨምሮበታል።

"እዚህ ጋ ወረቀቱ ቆስሏል" አልኩት።

"ገልብጥ" አለኝ።

ገለበጥኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

ትንበያው በአደባባይ ሲነበብ ደርሶልኝ ራሱን ነቅንቆ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ አራተኛው አግዳሚ ሄደ። ዋንጫው ለዘለለው ተሰጠው፤ ዘለለውም ስላሸነፈው ውድድር ረጅም ንግግር አደረገ። በዚያው ሳምንት ደርሶልኝ ማንያዘዋል ቤት መጣና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

"አንተ የጻፍከው ልክ ነው መቼም። ቅር ብሎኝ አይደለም የመጣሁት" አለ። "ምን እንደጎደለኝ ንገረኝና ለከርሞ ላስተካክለው።"

ማንያዘዋል እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ስለ ትከሻ ጅማት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ዕድሜ አንድ ሰዓት ያህል አስተማረው። ደርሶልኝ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎም ሄደ። ማንያዘዋል ይህን ሲነግረኝ፣ "ቢጠረጥረኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። አለመጠርጠሩ አናደደኝ" አለ።

ከዚህ በኋላ ያልታሰበ ነገር መጣ። ደርሶልኝ በየሐሙሱ የውጤት ወረቀቱን ከጀልባው ተቀብሎ አራተኛው አግዳሚ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ማንበብም ብቻ አይደለም፤ ወርዋሪው እንዴት እንደሰነዘረ፣ መቺው እንዴት እንደሳተ፣ አይቶት የማያውቀውን ሁሉ ተነሥቶ ያሳያል። መጀመሪያ የራሱ ጥገኞች ሰሙት። ቀጥሎ ከሦስተኛው አግዳሚ አንድ ሁለት ሰው መጣ። ወር ሳይሞላ የአራተኛው አግዳሚ ሰው በሰው ላይ ሆነ፤ ዝናብ ሲመጣም ባላቸው ጃንጥላ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ማነከስም ተረሳ። ዘለለው ዋንጫውን ታቅፎ በጥላው ሥር ብቻውን ቀረ። ማንያዘዋልም በበርጩማው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ያያል። ወንበሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ አይዞርም፤ መሬት ላይ በብረት ተመትቶ ነበር።

በዚህ ላይ ልቃቂት ያሸንፍ ጀመር። ቁጥር ሠላሳ ሰባት በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ መቺ አሸነፈ፣ በሁለተኛው አሥራ ሦስት። እናቱ የሞተችበት መቺ ኳሱን ከሜዳው አጥር እያሳለፈ መላክ ያዘ። በአራተኛው ወር ልቃቂት ከታች ምድብ ብቻ ሳይሆን ከአሥራ ሁለቱም በላይ ሆነ። በሌላ ዓመት ቢሆን ማንም ባላወቀ ነበር። አሁን ግን ደርሶልኝ እያነበበ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

የአግዳሚ ሹሙ አቶ ገላጋይ ማንያዘዋልን አስጠሩት። እኔም ቃል ለመጻፍ አብሬ ገባሁ። አቶ ገላጋይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ትንበያው ተሳስቷል የሚል ወሬ ሰማሁ" አሉ።

ማንያዘዋል እጅ ነሣ።

"አንተ ተሳስተህ ከሆነ አምናም ተሳስተህ ሊሆን ነው። ካቻምናም። ሰው በአግዳሚው ተጋብቷል፣ በአግዳሚው ተቀብሯል። ይህን ሁሉ ማን ይፈታዋል?" ካሉ በኋላ ትንሽ አሰቡ። "ስለዚህ የተሳሳተው ወራቱ ነው። ወራቱን ከስሰነዋል።"

"ወራት ይከሰሳል?" አለ ማንያዘዋል።

"ከጸደቀ ትንበያ ውጭ ከሄደ ለምን አይከሰስም። አንድ ተባባሪም አለው፤ ገመድ ገማጁ። ወራቱን አሳስቶታል። አንተ ቀርበህ 'አልተሳሳትኩም' ብቻ ትላለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኛ ተወው።"

ቅጣቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ስሙ ከአግዳሚዎቹ ሁሉ ይፋቃል። አግዳሚ የሌለው ሰው ተራ የለውም፤ ተራ የሌለው ደግሞ በወፍጮም፣ በጸጉር ቤትም፣ በድልድዩም ተራው አይደርስም። ማንም ሂድ አይለውም፤ እስኪርበው ይጠብቅና ራሱ ይሄዳል። ደርሶልኝ ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት።

ከሹሙ ቤት ስንወጣ ማንያዘዋል፣ "ቢሄድ ምን ይመስልሃል?" አለኝ።

"ደርሶልኝ?"

"እሑድ እሑድ ቤቴ ጸጥ ይልልኝ ነበር" አለ። ይህን ያለው ለራሱ ነው። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ፤ የተናገረውን ገና አሁን እንደሰማ ሰው።

የችሎቱ ቀን ለወራቱ ወንበር ተዘጋጅቶ የቀን መቁጠሪያ ተቀመጠበት። መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ "ወራቱ አለ?" እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ የመለሰ የለም፤ ንቀት ተብሎ ተመዘገበ። ጠበቃ እንዲሆን የታዘዘው ዝናብ ለኪው ተነሥቶ፣ "ደንበኛዬ በየዓመቱ ሳይቀር የሚመጣና ከዚህ በፊት ጥፋት ያልተገኘበት ነው" ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ደርሶልኝ ቀረበ።

"ቁጥር ሠላሳ ሰባት እንደሚድን በምን አወቅህ?" አሉት አቶ ገላጋይ።

"አላወቅኩም፣ ጌታዬ። ገምቼ ነው።"

"በምን ገመትክ?"

ደርሶልኝ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። "ሰው ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ሌላው ሲወረውር ካየ ወይ ልቡ ይበሰብሳል፣ ወይ ክንዱ ይድናል። ይሄኛው ዓመቱን ሙሉ ከልምምድ አልቀረም ተብሎ ተጽፏል። ራሱ ሳይወረውር፣ ለሌሎቹ ኳስ ሲያቀብል ከርሟል። ልቡ አልበሰበሰም ብዬ ነው።"

"ይህን ማን አስተማረህ?"

"ማንያዘዋል ነዋ" አለ ደርሶልኝ፣ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል ድምፅ። "አሥራ ስምንት ዓመት አንብቦልኛል። እኔ ከእሱ ሌላ መምህር የለኝም። ትንበያው ከተሳሳተ የተሳሳተው በእኔ ነው፤ እሱ በልቤ ያለውን ሊያውቅ አይችልም። እሱን አትንኩብኝ።"

እኔ ብዕሬን ይዤ ማንያዘዋልን አየሁት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ኋላ ስጠይቀው የዚያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማው እፍረት እንዳልነበረ ነገረኝ። "ቀናሁበት" አለኝ። "ሊጠፋ አፋፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ መናገር ስለቻለ ቀናሁበት። እፍረቱ ከዚያ ነው የመጣው።"

ቃልህን ስጥ ተባለ። ማንያዘዋል ተነሣ።

"ተሳስቻለሁ" አለ።

አቶ ገላጋይ፣ "እንደገና አስብበት" አሉት በለሰለሰ ድምፅ።

"አንደኛ ብዬ ጽፌው ነበር። ቁጥሩ አንደኛ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ አስልቼ ሦስቱንም ጊዜ አንደኛ ነው የወጣው። በምላጭ ፍቄ አራተኛ አደረግኩት። ቀንቼበት ነው።"

ደርሶልኝ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። የችሎቱ ጸሐፊ፣ "ቅናት የሚል አንቀጽ የለኝም፤ የት ላስገባው?" ብሎ ጠየቀ። አንቀጽ ስለሌለው አልተመዘገበም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ከትንበያ ቤት ይምጣ ተባለና እኔ ሄጄ አመጣሁት። አቶ ገላጋይ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት። ብዙ ጊዜ አዩት። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ትንበያ ቤቱ አልተሳሳተም" አሉ። "እዚህ ላይ በግልጽ ልቃቂት አንደኛ ይላል። ተንባዩ ከወራት በፊት በትክክል አውቆታል። ወራቱም በትንበያው መሠረት ነው የሄደው፤ ክሱ ተነሥቶለታል፣ እናመሰግነዋለን። ስሕተት የሠራ ነገር ቢኖር ምላጩ ነው።" ምላጩ ተወረሰ።

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። ማንያዘዋል፣ "ጌታዬ፣ እኔ እኮ ያልኩት" ብሎ ጀምሮ ነበር፤ በእልልታ ተዋጠ። በአገሩ ታሪክ መድረሱ በማስረጃ የተረጋገጠ የመጀመሪያው ትንበያ ስለሆነ እዚያው ካባ ደረቡለት። ደርሶልኝ ወደ አንደኛው አግዳሚ እንዲዛወር፣ ዘለለው ወደ አራተኛው እንዲወርድ ተወሰነ። ዘለለው ዋንጫውን አስረክቦ ከአዳራሹ ሲወጣ በግራ እግሩ ትንሽ አነከሰ።

ማታውን ማንያዘዋል ወደ ወዳጁ ሊሄድ ሲነሣ አንጓች በሩ ላይ ቆመች። ሁሉንም ሰምታለች። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ካባውን ለብሰህ እንዳትሄድ።"

አወለቀው። እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ብቻውን ለመሄድ ፈርቶ። ደርሶልኝ በግቢው ቃጫ እየፈተለ ነበር። አልተነሣም፤ እንቀመጥበት ዘንድ ግን ግንዱን በእግሩ ገፋ አደረገልን።

"በምኔ ነው የቀናህብኝ?" አለ ቃጫውን ሳይለቅ። በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

"አንጓች ስትስቅ" አለ ማንያዘዋል። "አንተ ስታወራ ድስቱን መሬት አስቀምጣ ሳቀች።"

"በቃ?"

"ከዚያ በኋላ በሁሉም።"

ደርሶልኝ ቃጫውን አስቀመጠ። "ዝናቡ አላስከፋኝም፤ ልጆቼም ለመዱት። አራተኛ መባሌም ምንም አይደል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደጃፍህ መጥቼ ምን ጎደለኝ ብዬ ጠየቅኩህ።" ድምፁ አልተለወጠም። "አንተም መለስክልኝ።"

ማንያዘዋል ይቅርታ ጠየቀ። ደርሶልኝ፣ "እግዜር ይቅር ይበለን" አለ፤ ይህ ግን ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ስንነሣም፣ "እሑዱ ይቅር" ሲል ጨመረበት።

ወራቱ ተዘጋ። ልቃቂት አንደኛ ወጣ። በሳምንቱ ደርሶልኝ ትንበያ ቤት መጥቶ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። "ቡድኑን ለማንያዘዋል ስጡልኝ" አለ። "ይኼን ያህል ከፈለገው ይያዘው።" ቂም ይሁን ቸርነት ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም፤ እኔም ቁጥር ገልባጭ ነኝ። ሕጉ ቡድን በስጦታ ማስተላለፍን ስለሚፈቅድ ማንያዘዋል ተንባይነቱን ለቀቀና ባለ ቡድን ሆነ። ደርሶልኝም ቡድን ስለሌለው እንደ ማንኛውም ቤተሰብ የሚጠጋበትን መምረጥ ቻለ። ዘለለውን ተጠጋ።

አዲሱ ተንባይ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የቀድሞ አለቃውን ሌላ ቦታ ለማስቀመጥ አልደፈረም፤ ታች ምድብ አንደኛ አደረገው። ዘለለውን አራተኛ። ማንያዘዋል ዋንጫውን ተቀብሎ በጥላው ሥር መደገፊያ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ቡድን፣ የራሱ ወርዋሪ ነበረው። እኔም እሱን ተጠግቼ ስለነበር አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንጓች የዘለለውን ሚስት ሰላም ልበል ብላ ወደ አራተኛው ሄዳ ነበር፤ ከሄደች ቆይታለች።

የአዲሱ ወራት የመጀመሪያው ሐሙስ ነበር። ከአራተኛው አግዳሚ ሳቅ ይሰማል፤ ይበርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ማንያዘዋል የውጤት ወረቀቱን በእጁ ይዞ አላነበበውም። ቁጥር ሠላሳ ሰባት አሥራ ሁለት መቺ አሸንፎለት ነበር።

"ምንድን ነው የሚያስቃቸው?" አለኝ።

"እንጃ።"

"እስቲ ሂድና ጠይቀህ ና።"

ተነሥቼ ሄድኩ። ሲያዩኝ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዱ እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። አንጓች መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቅኩ። ደርሶልኝ፣ "መሐል ላይ ደረስክ፤ አይገባህም። ከመጀመሪያው ልንገርህ" አለና እንደገና ጀመረ። ከመጀመሪያው መንገር ጊዜ ይወስዳል። ጣሪያው ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ የተነሣ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ቀና ስል ማንያዘዋል ዋንጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ያያል። እጁን አንሥቶ ምልክት ሰጠኝ፤ ምን አሉ? ማለቱ ነው።

እኔም በእጄ፣ ቆይ አልኩት።